ሰባተኛው ቁጥር

«ለወላጆች በሙሉ» ብዬ ጀመርኩላት፣
አሞራ ገደል ላይ፣ ገና በማለዳ፤
እሷ የቆሮሶ ቅርፊት ትፍቃለች።
«አንድ፦ ስብሰባ አለ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፤
ሁለት፦ የውሃው ታንከር ተጠግኖ አልቋል፤
ሦስት፦ ሞዴል ፈተናው ለሳምንት ተራዝሟል...»
ስድስት ላይ ስደርስ፣ የመምህር ላላምቦ የጡረታ ሽኝት፣
ወረቀቱን አጠፍኩት።

ቢላዋዋ ቆመ።
«ፅናት፣ ፊደል ባልቆጥር፣ ቁጥር መች ጠፋብኝ?
ዓሣ እየቆጠርኩ አይደል እዚህ የደረስሽልኝ?
ከታች ሰባት አለ። የት ደበቅሽብኝ?»

አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ፦
ለቤተ ሙከራ፣ አምስት መቶ ብር፣ በነፍስ ወከፍ።

መቀነቷን ፈታች፤
እርጥቡን ብር ዘርግታ ሁለቴ ቆጠረች፤
መቶ ጎደለ።
«እሱን ቅዳሜ፣ በእጄ» አለች።

«የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ ላይ
ከጣቷ የወደቀ አንድ ቅርፊት ደርቋል፤
ፀሐይ ሲያገኘው ያበራል።