ባለሁለት እጅ

ጥር ነው። እዚህ ዱሉዝ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
የማዕድን መርከብ ወደቡ ላይ ቆሟል።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣
የቶይቮን ሰባት ፉርጎ ከካርቶን አውጥቼ፣
አንድ ባንድ በጨርቅ አቧራቸውን ሳብስ፣
ደግሞ ስገለብጥ፣ ደግሞ ስመልስ።

ቶይቮ ታላቄ ነው። ዕቃው ሲከፋፈል
ቤቱ ለልጆቹ፣ ለአማቹ ጀልባው፤
ለእኔ ግን ካርቶን ነው። ክዳኑን ባነሣው
«ሬይኖ አይሸጠውም» የሚል ጽፎበታል።

የልጅ ልጄ ሲግኔ ደጅ ለደጅ ዞራ፣
በረዶ ስትጠርግ ከርማ፣ በአካፋ ሥራ፣
አዲስ ሞተር ገዛች፤ በስልኳ ታዘዋለች።
ፊሽካ ሲነፋላት፣ ፍሬን ሲይዝላት፣
«አባባ» አለችኝ፣ «የቶይቮን ይጎትት፤
ለእሱ ነው የገዛሁት።»

ነገሩ እጅ ላይ ነው።
የቶይቮ ፉርጎዎች እጃቸው መንጠቆ፣
አንዱ ያንዱን ጣት ነው የሚሄደው ነጥቆ፤
አዲሱ ሞተር ግን እጁ ጭብጥ ቡጢ፣
ጭብጥ ለጭብጥ እንጂ መንጠቆ አያውቅም፤
ሲጋጩ ቋ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ዝም።
ሞተሩ ብቻውን ፊሽካ እየነፋ ሲርቅ…
ባቡር ያመለጠው ፉርጎ አይቼ አላውቅ!
መንኮራኩሩም ቢሆን ከንፈሩ ትልቅ ነው፤
ባዲሱ ሐዲድ ላይ የምስማሩን አናት
ገገገገ እያለ፣ እየላሰ ነው የሚያልፈው።

ዴልበርት፣ ባለ ሱቁ፣ «ቁረጠው» ይለኛል፣
«ሁሉንም ቁረጠው፤ አዲስ እጅ ይገባል።»
ኧርሊንግ ሰብሳቢው ደግሞ በስልክ ይጮኻል፦
«እንዳትነካው! እንደ ተወለደ ነው ዋጋው!
አንድ ብሎን ብትፈታ ግማሹ ይረግፋል።»

ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? እኔም
አሰብኩ፦ ሰባቱንም ማቁሰል አያሻም።
አንዱን ብቻ ልሠዋ፤ ከፊቱ በኩል ጭብጥ፣
ከኋላው መንጠቆ፣ መሃል የሚቀመጥ፣
ለሁለቱም ወገን አስተርጓሚ የሚሆን።
ግን የትኛው ይሁን?

ወተት ጫኙ፣ ነጩ? ቶይቮ የሚሳሳለት።
ቀዩ? እሱማ ጭራ ነው፣ ከኋላው ማን አለበት?
ከሰል ጫኙ? ጎኑ ተጨራምቷል፣ በልጅነት ረግጬው፤
አልነካውም፤ ያ ጉዳት የእኔ ፊርማ ነው።
አረንጓዴው ቀረ፣ ምንም ታሪክ የሌለው።

ሞረዱን አነሣሁ። ገለበጥኩት። ሲግኔ
ባትሪ ያዘችልኝ። ካቻቢቴውን ሳስጠጋ ዓይኔ
አንድ ነገር ላይ ቆመ።
መንጠቆው የፋብሪካ አይደለም።
ቀጭን ጥቁር ሽቦ ነው፣ በፒንሳ የተጠመዘዘ፣
በሁለት ጠብታ ስታኞ ከሆዱ ጋር የተያያዘ፤
መሃሉ ሞገድ ሞገድ።
የእናቴ የፀጉር መያዣ።

ትዝ አለኝ ያ እሑድ። ደወሉ ሲደወል፣
እናታችን ሂልማ፣ ፀጉሯ ባንድ ወገን ታስሮ ባንዱ ተፈትቶ፣
ትራስ ስታገላብጥ፣ ምንጣፍ ስታራግፍ፣ ትዕግሥቷ ሞልቶ፣
ቶይቮ ዳቦውን ያላምጣል፤
ዓይኑን አይሰብርም፣ ፊቱም አይቀላም።

ሳቄ መጣ። ለካ
ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ «እንዳይነካ»፣
ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ የተነካ ነገር ላይ ነው!
ለኧርሊንግ አልነግረውም። ልቡ ደካማ ነው።

የእናቴን ጎን ተውኩት። ሌላውን ጫፍ በሳሁ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ብሎን ጠፋ፤ ሌላ ተካሁ፤
ጭብጡን ገጠምኩ። የመንኮራኩሩን ከንፈር
ሲግኔ ሞረደችው፤ የሷ እጅ ይረጋል።

ማታ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስትነካው ስልኳን፣
ጭብጥ ጭብጥን ያዘ፣ ሽቦው ቀለበቱን፤
ሰባቱ ተከታትለው በልብስ ማጠቢያው ሥር፣
በቀለም ጣሳዎች በስተጀርባ ሲዞር
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ወተቱ ወደቀ።
አነሣነው። እንደገና ወደቀ።
ከሐዲዱ ሥር ካርቶን ቆርጠን ሰነቀርን፤
አለፈ። ትንፋሻችንን ለቀቅን።

«አባባ፣ የቀዩ መብራት ለምን አይበራም?»
የድሮ አምፖል ነው፤ የአዲሱን ኤሌክትሪክ አይወድም።
እሱ የነገ ሥራ ነው።
ነገም በረዶ ነው ይላሉ፤ የትም አንሄድም።