ኖዳር ሁለት

ኩታይሲ ከተማ፣ ከነጩ ድልድይ ማዶ፣
የላምዚራ መድኃኒት ቤት፣ እጀታው በረዶ።
ቁልፉን ታዞራለች፣ መብራት ታበራለች፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ ማሽኑን ትነካለች፤
ከዚያ ትጠብቃለች።

ይጠብቃል ወረፋው፣ ይጠብቃል ሳሉ፤
«ዛሬስ ስንት ደቂቃ?» ይባባላሉ።
አሥራ አንድ ነው ይላል አንዱ፣ አሥራ ሦስት ሌላው፤
አንዳንድ ላሪ አስይዞ ተወራረደ ሰው።
አስተማሪዋ ናዚብሮላ፣ የግፊት ክኒኗ አልቆ፣
ደወል ሊደወል ነው፣ ልቧ ተጨንቆ፤
ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች ትዞራለች፣
እህል ባለቀበት አውድማ እንደ ቀረች
በሬ የሌላት ቀንበር።

እኔን የጠሩኝ ያኔ ነው። ጉራም እባላለሁ፤
ቦርሳዬ ውስጥ ካቻቪቴና ብሩሽ ይዣለሁ።
ላምዚራ ከባንኮኒው ጀርባ ገላመጠችኝ፦
«አዲስ ግዢ ልትለኝ ከሆነ ከወዲሁ ተወኝ።
ሳይመረመር መድኃኒት አይሰጥም ለሰው፤
ማሽንም ያው ነው።»

ብሎኑን ፈታሁ። አቧራው ብርድ ልብስ አክሏል።
ማራገቢያው ታፍኖ እንደ ቢቺኮ ይስላል።
(ሽማግሌው ቢቺኮ ሰምቶ ሳቀ፣ ደግሞ ሳለ።)
ጠረግሁት። ለውጥ የለም፤ እዚያው ነው እንዳለ።
ባትሪው ሞቷል፤ ሰዓቱ በየማለዳው ሲነሳ
አሥር ዓመት ወደ ኋላ፣ ዘመኑን የረሳ።
ባትሪ ለወጥሁ፤ አንዲት ደቂቃ አተረፍን።
አብረውት የሚነሡትን ዝርዝራቸውን ገለጥን፤
ወይ ብዛት! ሳይጠሩ የመጡ፣
እንደ ሰርግ ቤት እድምተኛ ድስቱን ከበው የተቀመጡ፤
ሦስት ፀረ ቫይረስ በአንድ ደጅ ላይ ቆመው፣
ሌባ ያጡ ጊዜ እርስ በርስ ተጠራጥረው፤
የተሸጠ ስካነር፣ የተሰበረ ካሜራ፣
አሽከሮቻቸው ግን ዛሬም በሥራ።

አሰናበትኋቸው። አራት ደቂቃ ግድም ቀረ።
አራትም ብዙ ነው። ዲስኩ ግን አልዞረ፤
የሚሠራው የለም፣ ዝም ብሎ ተገትሯል፤
ታዲያ ማንን ይጠብቃል?

መዝገቡን አነበብሁ፣ መስመር በመስመር፤
በየጠዋቱ አንድ ስም ይመጣል፦ ኖዳር።
«ኖዳር ሁለትን መፈለግ። መልስ የለም። መጠበቅ።
እንደገና መፈለግ። መልስ የለም። መጠበቅ።»

«ፃልቱቦ ያለ ኮምፒውተር ነው» አልኋት፣ «የጋራ ፎልደር፤
ይሄኛው ያን ሳያይ አይነሣም ነበር።
ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይጣራል በስሙ፤
ተስፋ ሲቆርጥ ነው የሚነቃ ከሕልሙ።»

ላምዚራ ዝም አለች።
የክኒን ማንኪያዋን አነሣች፣ አስቀመጠች።
«ስድስት ዓመት» አለች፣ «በሒሳብ ተጣልተን፣
መደርደሪያ ሳይቀር እኩል ተካፍለን፣
ስሙ ከተነሣ ከቤት እወጣለሁ።
ይሄ ቆርቆሮ ግን፣ እኔ አጠገቡ እያለሁ፣
በየቀኑ ሲጠራው!»

ደረሰኝ ገልብጣ ማባዛት ጀመረች፣
በመድኃኒት ልክ ነው፣ ሳትቸኩል ቆጠረች፤
በሳምንት ስድስት ቀን፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ፤
«ዘጠና ሦስት ሰዓት!» አለች ተሳቅቃ።

«ልሰርዘው?» አልኋት።
ከመስኮቱ ማዶ ሪዮኒ ድንጋይ ያንከባልላል፤
ናዚብሮላ ሄዳለች፤ ቢቺኮ ይስላል።
«ሰርዘው።» ሰረዝሁት። አጥፍቼ አበራሁ።
አርባ ሰከንድ! በገዛ እጄ ኮራሁ።
ወረፋው አጨበጨበ፣ ውርርዱ ፈረሰ፣
የተያዘው ላሪ ወደ ኪስ ተመለሰ።

እሷ ግን ካፖርቷ ካንድ ትከሻ ወርዶ
ቆማ ቀረች፤ ያ የጠዋት ጊዜዋ ድንገት ሄዶ፣
እጇ የሚያርፍበት አጣ።

ሒሳቤን ቆጥራ ስትሰጠኝ፣ ቀስ ብላ፦
«እዚያስ?» አለችኝ፣ «በዚያኛው በኩል፣ የሱ ማሽን ላይ፣
ጠዋት ጠዋት የኔ ስም ይፈለግ ይሆን ወይ?»

«ከዚህ ሆኖ አይታይም» አልኋት።
እውነቴን ነው፣ አይታይም።
ፃልቱቦ ግን በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።