አርባ ሁለተኛው ጥንድ

አባቴ አልሲኑ ጫማ ሰፊ ነበር፣
ከፖርቱጋል ሰሜን፣ ከድንጋያም መንደር።
የክተት ወረቀት ሲመጣ፣ ደረት ነፉ ሌሎች፤
እሱ ግን ጠቀለለ
ወስፌ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ጥቂት ሚስማሮች።

ፍላንደርስ ሲደርስ ጭቃው ተቀበለው፤
"እንዲህ ያለ ጭቃ፣" ይለኝ ነበር፣ "ልጄ፣
ጥርስ የለው፣ ግን ሰው ይበላል ከነጫማው።"

ሌሊት በምሽጉ፣ ሻማ በቆርቆሮ፣
የጓዶቹን ጫማ በጉልበቱ ይዞ፣ ክር በጥርሱ ቋጥሮ፣
ሲሰፋ ያነጋል። ክፍያው ግማሽ ሲጋራ፣
አንዳንዴ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም የቤት ወሬ ከደብዳቤ ጋራ።

በዚያው ሰውን በፊቱ ሳይሆን በሶሉ አወቀ፤
ኦራሲዩ ወደ ግራ ነው የሚረግጠው፣ ተረከዙ አለቀ።
ቫልዴማር በጣቱ ይሄዳል፣ እንደ ሌባ፤
አሥር አለቃ ቴሉ ሶል አይጨርስም፣ ዕዳ እንዳይገባ።

ከዚያ አንድ የመጋቢት ንጋት። ጉም ነበር ይላል፤ ሌላ አይልም።
ስጠይቀው እጁ መዶሻ ፍለጋ ይሄዳል፣ ዓይኑ አያየኝም።

ጉሙ ሲገፈፍ፣ አስከሬን ተደረደረ በመንገዱ ዳር፤
ፊት የቀረለት ጥቂት ነበር።
ሻለቃው ደብተር ይዞ "ይሄስ ማነው?" ሲል ዝም አለ ጦሩ፤
አባቴ ተንበረከከ።
ጫማ ገልብጦ አየ፤ የራሱ ስፌት፣ የራሱ ሚስማሩ።
"ኦራሲዩ፣" አለ። "ቫልዴማር።" ቀጠለ።
አርባ አንዱን እንደ ፊደል አንብቦ፣
አንዱ ጋ ሲደርስ፣ ሶሉ ያልተበላው ጋ፣
ምላሱ ታሰረ። ዘለለ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሜዳልያ ሰጡት፤ የሰም ጣሳ ከደነበት፤
"ስንት ገደልክ?" ላለው፣ "ስንት ሰፋህ በለኝ" ይላል፣ ሳይስቅበት።

የቴሉ ሚስት ኤርሚንዳ፣ ከወንዙ ማዶ ናት።
መንግሥት የላከላት ወረቀት አንድ ቃል ነው፦ "ጠፍቷል።"
የጠፋ ደግሞ፣ ትላለች፣ ስንቱ ተመልሷል።
በየዓመቱ ለፋሲካ የባሏን የክት ጫማ ይዛ ትመጣለች፤
"ሲገባ እንዲያደርገው፣ ስፌቱን እይልኝ" ብላ ታስረክባለች።
አባቴ ደህናውን ስፌት ፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤
ገንዘብ አይቀበላትም፤ ማታ ራቱን ይተዋል።

ዘንድሮ እሱ የለም። ወስፌው ለእኔ ቀረ፤
ኤርሚንዳም መጣች፣ ያው ጫማ በጨርቅ እንደታሰረ።
አንድ ሌሊት ብቻ፣ በትኩሳት የነገረኝ ነገር
አፌ ላይ ነበረ።
ሶሉን ገለበጥኩት፤
እንደ አዲስ ነው።
"ማክሰኞ ነይ፣" አልኳት፤
ክሩን ሰም ቀባሁት።