የጥለቱ ቋጠሮ

ሰርጓ የተቆረጠው ለጥር ነበር፣
የክተት ነጋሪት ባይጎሰም ኖሮ አራዳ ሰፈር።
ጥቅምት ላይ ዳሯት፤ ጠጁም ሳይጠራ ተጠጣ ከነአምቡላ፣
ሚዜው ሳይቀር ጥይት ይቆጥር ነበር እየበላ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እንጉዳይ በጥርሷ
ጥለቱን ተረተረችው ከሙሽርነት ልብሷ።
«ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ» ብላ ደግፌን አቆመችው፣
ከተረከዙ እስከ አናቱ በጥለቱ ለካችው፣
ቁመቱ ባበቃበት ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠረችው።
«እስክትመለስ ኮት እሰፋልሃለሁ» አለችው።
ሳቀ። ዝናሩን አጠበቀ።
በራስ መኮንን ድልድይ፣ ከሰው ጎርፍ ጋር ራቀ።

ሚያዝያ ላይ ከተማው ሲዘረፍ፣ ሲቃጠል፣
ከድልድዩ ሥር አደረች፣ ሆዷን ሸፍና በቅጠል።
ሰባት ወሯ ነበር።
ሐምሌ ላይ ተዋበችን ወለደች፤
አራስነቷን ሳትጨርስ፣ ልጇን አዝላ፣
ፒያሳ፣ ከአርመኑ ልብስ ሰፊ ዘንድ፣ ቁልፍ መትከል ለመደች።

ኮቱን ያኔ ጀመረች፣ የወደቀ ቁራጭ ለቅማ፤
አንዱ እጅጌ ግራጫ፣ አንዱ ቡኒ፣ በኩራዝ፣ በጨለማ።
«ተስፋሽን ቁረጪ» ሲላት ጎረቤቱ ሁሉ፣
«ልኩን ይዤዋለሁ» ትል ነበር አሉ።

ሠላሳ ሦስት ላይ ገባ፣ እስር ወገቡን አጉብጦት፤
ኮቱ ከጉልበቱ አልፎ፣ እጅጌው ጣቱን ውጦት።
ሰፈሩ ሳቀ። እሷ ግን መቀስ አላነሳችም፣
ቋጠሮውንም ፈትታ ዝቅ አላደረገችም።
«ኮቱ ልክ ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ስድስት ወለደች፤ አራቱ አደጉላት።
በየእንቁጣጣሹ ግድግዳ ታስደግፋቸዋለች፣
አንዱ በጋት፣ አንዱ በክንድ ይጎድልባት።
ምትኬ ብቻ፣ የመጨረሻው፣ ሽቅብ የተመዘዘው፣
ስድሳ ዘጠኝ ላይ ቋጠሮውን አለፈው፤
በዚያው ክረምት ነው ጦሩ የወሰደው።
ጅጅጋ ሄደ።
በዚያው ቀረ።
ከዚያ ወዲህ ማንንም አልለካችም።

እኔንም።
ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሳጥኗን ከፍቼ፣ ጥለቱን ጎትቼ፣
«ለኪኝ» ብዬ ለመንኳት፣ ግድግዳው ጋ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ።
ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፦
«ዝም ብለህ እደግ» አለችኝ።

ዘጠና ካለፋት በኋላ፣ ሬዲዮኗን በጆሮዋ ለጥፋ፣
የሰማንያ ዓመት አዛውንት ማረፋቸውን ስትሰማ፣
«ውይ፣ ልጅ እኮ ነበር!» ትላለች ከንፈሯን መጥጣ።
ከእድሩ ጸሐፊ ጋር በሁለት ብር ተጣልታ፣
ሳትታረቅ ሞተች፣ በፍልሰታ፣ ቅዳሜ ማታ።
ጸሐፊው ግን አለቀሰ። ከማናችንም በላይ።

ከሞተች በስምንተኛው ዓመት ሰፈሩን ቀያሾች ሞሉት።
ቤቷን በብረት ሜትር፣ በሁለት ጎረምሳ፣ ለኩት፤
«ሠላሳ አራት ካሬ» ብለው ጻፉ።
የጭቃው ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው አለፉ።

ዕቃው ወጥቷል። ሳጥኗ ብቻ ቀርቷል፣ ክዳኑ የተሰበረ።
ጥለቱ ከታች ነበር፣ ቢጫ ሆኖ፣
ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የከረረ።
በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሰው እንዳያየኝ አፍሬ፣
ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጠሁ፣ ከነሽበት ፀጉሬ፤
አንዱን ጫፍ በተረከዜ ረግጬ፣
ሌላውን በአናቴ ላይ መዝዤ።

ሁለት ጣት ይቀረኛል።
ቀያሹ ከደጅ ሆኖ፣ «ጨረስክ ወይ፣ ጋሼ?» ይለኛል።