የኪሴ ብሎን

በደብረ ሲና ሌሊቱን የሚያውቀው ማነው ቢባል
«እኔ ነኝ» እል ነበር፤ ሙያዬ ይመሰክራል።
ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ፍሬኑ እየሸተተ፣
ጎማው ተንፍሶበት ጉም ውስጥ የዋተተ
በሬን በጡጫ ሲመታው፣
ሁለተኛውን ሳይደግም ቁልፌን ይዤ የምወጣው
እኔ ነኝ። ጎሚስታ።
እንቅልፍ እንደ ሚኒባስ ነው እል ነበር፣
አንዱ ቢያመልጥ ሌላ አይታጣም፣ ጠዋት ባይሆን ማታ።

ከዚያ እሷ መጣች።
ሃያ ሦስት ቀኗ ነው፤ ስም የላትም ገና።
እትዬ ደብሪቱ፣ አያቷ፣ ቢላ ከራስጌዋ ሸጉጣ
(ብረት ይጠብቃታል፣ ክፉ ነገር ከመጣ)
«እንግዳዬ» ትላታለች።
እንግዳስ መደብ ሲለቁለት ይተኛል፤
ይቺ አልጋውን ይዛ ባለቤቱን ታስነሣለች።

ጥላነሽ ጡቷ ቆስሎ፣ ከግድግዳው ተጠግታ
የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታጠባለች፤
አንዳንዴም ቁጭ እንዳለች ተኝታ።
ሌሊት ስሜን ስትጠራው፣ እርዳታ ፈልጋ ይሁን ልትሰድበኝ፣
መለየቱን ከተውኩ ሰነበትኩ።
ባለፈው ሐሙስ ግራና ቀኝ ጫማዬን አዛውሬ
ገበያ ደርሼ ተመለስኩ።

ቀን ቀን ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ
ትንፋሽ የሚያሾልከውን ቀዳዳ እፈልጋለሁ፣ አረፋውን ቆጥሬ።
ሌሊት ዝም ስትል ደግሞ፣ የስልኬን መብራት በመዳፌ ጋርጄ
ጆሮዬን ከአፍንጫዋ ሥር አስጠጋለሁ፣ ከአልጋ ወርጄ፣
ያንኑ ትንፋሽ ፍለጋ።
ቀን፣ ሲገኝ እደፍነዋለሁ።
ሌሊት፣ እስኪገኝ ድረስ የራሴን እይዛለሁ።

እሹሩሩ አልችልበትም፤ ድምፄ የኮምፕሬሰር ነው።
ስለዚህ በክንዴ ይዤ መንገዱን እነግራታለሁ፣
በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፦
አርማኒያ፣ ሮቢት፣ ጀውሃ፣
ሰንበቴ፣ አጣዬ...
ካራቆሬ ላይ ዓይኗ ይከደናል፣
ከሚሴ ስንደርስ የጨበጠችው ጣቴ ይፈታል፣
ሐርቡ ብዬ ላስተኛት ጎንበስ ስል
ጩኸቷ መልሶ ጣርማ በር ያወጣናል።

ትናንት ማታ ይማም የሚባል ሹፌር፣ የኮምቦልቻ ሰው፣
ስሚንቶ እንደጫነ ቆመ፤ የኋላ ጎማ ነበር፣ ቀየርኩለት።
እጄ ሲሠራ እኔ የት እንደነበርኩ እንጃ።
«ዓይንህ በርበሬ መስሏል» አለኝ፤
ከፈለኝ፣ ቁልቁል ነዳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሷን አቅፌ ስመላለስ
አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጭኔን ነካኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።
ብሎን።

አሥር ነበሩ። ዘጠኙንስ አጥብቄያቸው ይሆን?
እጄን ጠየቅሁት፤ እጄ አያስታውስም።

ደወልኩ። አይነሣም።
አርማኒያ፦ ያ ጠመዝማዛ።
ደወልኩ። አይነሣም።
ሮቢት፦ ያ ድልድይ፣ ያ በሌሊት መንገድ የሚሻገር ከብት።
ልጄን ያስተኛሁበት ስም ሁሉ ጥርስ አወጣብኝ፤
እሷም እንደገባት ሁሉ ክንዴ ላይ ታለቅሳለች።

በሦስተኛው፣ ድምፁ በእንቅልፍ ጎርንኖ፦
«ሮቢት ቆሜአለሁ። ምነው?»
«ብሎኖቹን ቁጠርልኝ፣ የኋላውን። በፈጠረህ።»
ኮቴው ጠጠር ሲረግጥ፣ ብረት ብረት ሲነካ ይሰማኛል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባተኛው ላይ ቆየ፣
ዕድሜዬ እዚያው አለቀ።
«ጠብቀዋል» አለ። «ዘጠኝ ናቸው እንጂ።»
«አሥረኛው እኔ ጋ ነው።»
ዝም አለ። ከዚያ፦ «የሚያለቅሰው ሕፃን ነው?»
«ሃያ ሦስት ቀኗ።»
«የኔን ያየሁት በአርባ ሁለት ቀኑ ነው፤ መንገድ ላይ ነበርኩ።
እስቲ ስልኩን ወደሷ አስጠጋው፤ ጥቂት ልስማ።»
አስጠጋሁት።
አንዱ ቆላ፣ ሁለታችን ደጋ፣
ጥቂት ጊዜ ሦስታችንም አልተኛንም።

ሲዘጋ ብሎኑን ከቢላው አጠገብ አኖርኩት፤
ብረት አይደል፣ እሱም ይጠብቅ።
ጥላነሽ ዓይኗን ሳትገልጥ «ማነው?» አለች።
«አንድ ሹፌር።»
«ተኛ» አለች።
ስለ እሱ መጠየቋ ይሁን እኔን ማዘዟ
ለይቼ ሳልመልስላት
በሩ በጡጫ ተመታ።