ከአምስት መቶ አንዱ

ጎማ ቁጠባ ነው መስፊያ ቤቴ ያለው፣
ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ደረጃው ከሚያልቀው።
ሠላሳ ሰባት ዓመት ወንበር አለበስሁኝ፣
የሰው ቂጥ ሲፍቀው ስጠግን ኖርሁኝ፤
የላዳ፣ የቮልስ፣ የውይይት አግዳሚ፣
የአምቡላንስ አልጋ፣ የሹም ተሸካሚ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰፈሩ ዝም አለ፤
መኪና መጣብን፣ በደረቱ የዋለ፣
ጣሪያው ከእምብርቴ በታች የሚቀር፣
እያንዳንዱን ጉብታ በሰያፍ የሚሻገር፣
ቀለሙ ያልበሰለ ሎሚ።
ባለቤቱ ወጣ፣ መውጣት ከተባለ፣
ከጉድጓድ እንደ ሰው እየተንጠላጠለ።
ሚልኪያስ ይባላል፤ ብረት አስመጪ ነው።
«ጋሼ፣ ተጠንቀቅልኝ፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው፤
ፋብሪካው ስልሳ ዓመት ሲሞላው ያወጣው፤
አምስት መቶ ብቻ፤ ከዚያ ቅርጹን ሰበሩት፤
የእኔን ቁጥር ተመልከት፣ እዚህ ላይ ጻፉት።»
ጥፍር የምታህል ናስ፣ በበሩ ጥግ ላይ፤
በእጅጌው ጠረጋት፣ አቧራ ሳይታይ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት።

እኔም ዘንድሮ ነው ስልሳዬን የደፈንሁ፤
ማንም ናስ አልለጠፈኝ፤ መነጽር ቀየርሁ።

ጉዳቱ ቀላል ነው፦ የእኅቱ ሰርግ ለት፣
ሙሽራው ሲገባ በጥድፊያ፣ በእልልታ፣
የደረቱ አበባ መርፌው ሾልኮበት
ስንዝር የሚያህል ቆዳ ቀደደበት።

ድንበሩ ረዳቴ፣ ጥያቄ አያልቅበት፣
«ሞተሩስ ይለያል?» አለው ሳያፍርበት።
ሚልኪያስ አሰበ። መዋሸት አልፈለገም።
«ሞተሩ ያው ነው፤ ከዓምናው አይለይም።
ጎማውም። ፍሬኑም። ቀለሙ ነው ልዩ፤
ክሩም ወርቅማ ነው፤ ናሱ አለ፤ ይኸው እዩ።»
«ታዲያ ክር ገዛህ» ሊል ሲል እግሩን ረገጥሁት፤
ደንበኛ ነውና፣ ሳቄንም በሳል ዋጥሁት።

ሰውየው ሲሄድ ነው ስፌቱን የፈታሁት፤
ቆዳውን እንደ በግ ከጎድኑ ገፈፍሁት።
ላዩን ሲያዩት ማሽን የወጋው ይመስላል፣
እኩል፣ እኩል፣ እኩል፤ ዓይን ያንሸራትታል።
ከውስጥ ግን፣ ከእጥፋቱ ሥር፣ ብርሃን ከማይደርስበት፣
ሦስት ባዶ ቀዳዳ አገኘሁበት።
ስቶ የወጋው ነው፤ ፈቶ የመለሰው፤
ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም፤ እጁን ግን አወቅሁት፣
ሊመሽ ሲል የሰፋ፣ ዓይኑ የደከመው፣
አለቃ ዞር ሲል የሠራውን ያረመው፤
ክሩን ሲቋጥርም ወደ ግራ ያጠመዘዘው፣
እንደ እኔ።
ግራኝ ነው።

ከፋብሪካው ኮሩ፣ ከቁጥሩም ኮሩ፣
ይህን ግን የሚያውቅ የለም በአገሩ።
አራት መቶ ዘጠና ዘጠኙ እኅት ወንድሞቹ
ይህ ስህተት የላቸውም።
ናሱም አልጻፈውም።

የዚያ ክር ዓይነቱ እዚህ አይገኝም።
ጊዮርጊስ ወጣሁ፣ ከካባ ጠላፊ፣
ግማሽ ክርታስ ገዛሁ፤ ዋጋው አይጣል ነው፣ ዘራፊ።
ወርቁን በሰም አሸሁት፣ ደርቤ ገመድሁት፤
ስንዝሩን ቅድ ዘጋሁት።
ሦስቱን ባዶ ቀዳዳ ግን
አልደፈንኋቸውም፤ የእኔ አይደሉም።

እሑድ አመሻሽ ላይ ሚልኪያስ መጣና
«ይታያል?» አለኝ። «አይታይም» አልሁት። ጎንበስ አለና
ናሷን ጠረጋት እንደገና።
ሞተሩን ሲያስነሳው፣ እውነት ለመናገር፣
የክንዴ ጸጉር ቆመ፤
ያው የዓምናው ሞተር።
በቸርችል ዳገት ላይ ጮኸ፣ ራቀ፣ ቀረ፤
ጆሮዬ ብቻውን ይከተል ነበረ።

«ጋሼ፣ እውነት ልዩ ነው?» ድንበሩ አላስቆመኝ።
አፌ መርፌ ይዟል፤ መልስ አልተመቸኝ።
ከክርታሱ ጫፍ ላይ የተረፈችውን ክር
ሰኞ ጠዋት ለመጣ ለሚኒባስ ወንበር
ከሥሩ ሰፋኋት፣ ከእጥፋቱ ውስጥ፣
አራት ሰው ተጣቦ ከሚቀመጥበት
ከኋለኛው መቀመጥ።