ምርኩዝ

በቫልስ አደባባይ፣ አርብ አመሻሽ ላይ፣
ሰው በሰው ስንደረብ ግንብ ነን ለሚያይ፤
ድንጋዩ እኛው ነን፣ ጭቃውም የኛው ላብ፣
ጫፉ ላይ ሕፃን ልጅ፣ ሥሩ ላይ የሰው ካብ።

ኬራልት ትንሽ ሳለች ሁሉ ይሻማት ነበር፣
ከትከሻ ትከሻ እንደ ወፍ ስትበር።
ዐሥራ አራት ሞላት።
የልጅ ሸሚዟ ጠበባት፣
የአዋቂውን ማንም አላዘዘላት።
መሻማቱ ቀርቶ መጣ ሌላ ፈሊጥ፤
«ጎበዝ!» ብሎ ማለፍ፣
አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ።

«ውሃ ያዢ» አልናት፣ ያዘች፤
«ፎቶ ግቢ» አልናት፣ ገባች።
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ግን ጠርሙሶቹን ደረደረች
ከግድግዳው ሥር፣ አንድ በአንድ፤ ቀና አለች።
«እኔ... እኔ የምይዘው...»
ምላሷ ሲይዛት፣ እንደ ልማዳችን ልንጨርስላት ስንቸኩል፣
«ቆዩ!» አለች።
ቆየን። መለከት ነፊው እንኳ መለከቱን አወረደው።
«እኔ የምይዘው ሰው የታለ?
ጠርሙስ ምን ይሆናል? ሰው ነው የሚወድቀው።»

ቦታ አዳዩ እኔ ነኝ። በደብተሬ ሠፍሯል የሁሉም ቁመት፣
የክንዱ ርዝመት፣ የትከሻው ስፋት።
ሰሌዳችን ላይ ስለ ዳውን ሲንድረም ወረቀት ለጥፈናል፤
በደብተሬ ግን የእሷ ገጽ ባዶ። አንድ ቀን እንኳ አልለካኋት።
አፈርኩ።
ከበሩ መቃን አስጠግቼ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት።
ከሥር የሚቆመው ፈሊው፣ ያን ሁሉ ሰው ሲሸከም፣
ብብቱን የሚደግፍ አጭር ሰው ይሻል፤
«ምርኩዝ» እንለዋለን፤ ረጅም እዚያ ምን ይሠራል?

ሐኪም አንገቷን አየ። እናቷ ሦስት ሌሊት አልተኛችም።
ስድስት ወር ለመደች፤ ከግድግዳ ጋር፣
ከፈሊው ጋር፣ ከዚያ ሰው ከላይ ሲጨመር፤
ከዐሥር በላይ ቁጥር ይጠፋባታል፣
ዐሥሩን ደግማ ደግማ ትቆጥር ነበር።
አንዴ ተናድን፤ ሰው በሰው ላይ ዘነበ።
ከክምሩ ሥር የመጀመሪያው ድምፅ የእሷ ነበር፤
«ፈሊው፣ አለህ?»

ባለፈው ጥቅምት ጉንፋን ጣላት።
ሸሚዟ ሚስማሩ ላይ ቀረ።
ሁለት ሰው ሞከርን በእሷ ፈንታ፣
አንዱ ረዘመ፣ ሌላው ከፈሊው ጎድን ጋር ተማታ።
«ብብቴ ባዶ ነው» አለ ፈሊው፣ «ዛሬ አልቆምም።»
ግንቡም አልቆመም።

ሲመሽ ሄድን፣ ሃያ ሰው፣ ደረጃዋን ሞልተን።
ብርድ ልብስ ተከናንባ አንድ በአንድ ቃኘችን፤
«ማን ያዘው?»
«ማንም።»
ተቆጣች። ከዚያ ሳቀች።
ከዚያ አስነጠሳት።